ልጆቻችሁን ወደ ታሪካዊው ቤት ስትወስዱ

ውድ እናቶች፣ ከአምቦም ሆነ ከጊንጪ ተነሥታችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ አዲስ ዓለምን ሳታልፉ አትደርሱም። መኪናው ተሳፋሪ ለማውረድ ጥቂት ቆም ይልና ጉዞው ይቀጥላል። ከከተማው በላይ በከፍታው ላይ ያለው ቤት በአንድ ወቅት ለኢትዮጵያ መናገሻ ቤተ መንግሥትነት ተጀምሮ እንደነበረ ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረን እናውቃለን? ልጆቹ በትምህርት ቤት የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ስም በቃል ያጠናሉ። ከደጁ በታች በየጊዜው እያለፉ ግን ቤቱን አያውቁትም።

ታሪካዊ ቤት ለሕፃን ልጅ ከሁሉም ዓይነት ሙዚየም ይልቅ ይቀርበዋል። ቤት ምን እንደሆነ ያውቃላ! የት እንደሚተኛ፣ ምግብ የት እንደሚበስል፣ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ ከእናቱ ጓዳ ተምሯል። በመሆኑም እንዲህ ያለውን ቤት ለልጅ ለማስረዳት ከእናት የተሻለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የአዲስ ዓለም ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከማድ ቤት ነው።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ነዋሪዋ እየበዛ ሲሄድ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናመነ። እንጨት የሚለቀምበት ቦታ በየዓመቱ እየራቀ መጣ። በቀደመው ጊዜ እንጨት ሲያልቅ የነገሥታቱ ሠፈር ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ ስለነበር፣ አፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ ሥፍራ አዲስ ከተማ እንዲመሠረት አዘዙ። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። ቤተ መንግሥቱ ተጀመረ፤ ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስድ መንገድም ተሠራ። ይህ መንገድ በአገራችን በዘመናዊ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ዋና ከተማው አልተዛወረም። ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለአጥር የሚበቃ ሆኖ ስለተገኘ አዲስ አበባ ከመፈታት ዳነች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው አዳራሽም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ደብሩ ዛሬ ንዋየ ቅድሳትና የነገሥታት መታሰቢያ ዕቃዎች የሚታዩበት ሙዚየም አለው።

እንግዲህ ልጃችሁን ይዛችሁ ከግቢው ስትደርሱ ከዘውዱና ከካባው በፊት ስለ ማገዶው ንገሩት። «ዛሬ ማታ ወጣችን በምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። በከሰል ነው? በኤሌክትሪክ ነው? እንጨት ቢያልቅብን ቤታችንን ጥለን እንሄድ ነበርን? ባሕር ዛፍ ስሙን ያገኘው ከባሕር ማዶ በመምጣቱ መሆኑንም አስረዱት፤ በመስኮት ሲያየው የመጣው ዛፍ ሁሉ ያን ጊዜ ሌላ ዓይነት ይሆንበታል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። የታሪክ መጻሕፍት ባሕር ዛፍ ከተማይቱን አዳናት ብለው ያልፋሉ። ያንን ባሕር ዛፍ ከእንጦጦ ተራራ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማው ሲያወርዱ የኖሩት ግን ሴቶች ናቸው። ይህን ለወንዱም ለሴቷም ልጅ መንገር ተገቢ ይመስለኛል።

ቦታው የጸሎት ቤት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ነጠላ መልበስ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ ጫማ ማውለቅ፣ ቅዳሴ በሚቀደስበት ሰዓት አለመረበሽ፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የሙዚየሙን ቁልፍ የሚይዘው ሰው ሁልጊዜ በሥፍራው ላይኖር ስለሚችል፣ በተለይ በርከት ያሉ ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ለደብሩ አስተዳደር ቀደም ብሎ ማስታወቅ ከብዙ ድካም ያድናል። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ከተያዘ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል። በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ያሉ ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን የሚማሩት በኦሮምኛ ነው። አስጎብኚው በአማርኛ፣ አልፎ አልፎም ከግዕዝ ቃል ጋር ቀላቅሎ ሲያስረዳ ሕፃኑ አንገቱን እየነቀነቀ ምንም ሳይገባው ሊወጣ ይችላል። ሁለቱንም ቋንቋ የምትናገሩ እናቶች በየመካከሉ አስጎብኚውን በትሕትና አስቁሙና ተርጉሙለት። ዕቃው በአያቱ ቤት በኦሮምኛ ምን እንደሚባል ስትነግሩት ነገሩ የእሱም እንደሆነ ይሰማዋል።

ከአዲስ ዓለም ወደ አዲስ አበባ ሲቀጠል ሆለታ ይገኛል። በዚያ የነበረው የአፄ ምኒልክ ግቢ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች ለሚሰጠው የጦር ትምህርት ማሠልጠኛ መሆኑን ለልጆች ነግሮ ማለፍ ይበቃል።

በቂ ጊዜና የመኪና ገንዘብ ካላችሁ ግን እስከ ስድስት ኪሎ ዝለቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚገኘው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሆኗል። አፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን የኖሩበት ቤት በመሆኑ የሁለቱ መኝታ ክፍሎችና የንጉሠ ነገሥቱ መታጠቢያ ቤት እንዲታዩ ተደርገዋል። ልጆች ከዙፋን ይልቅ በገንዳው ቢደነቁ አትቆጧቸው። ንጉሥም ገላውን ይታጠብ ነበር ብሎ ማሰብ ለልጅ ትልቅ ግኝት ነው።

በዚሁ ቤት የሕዝቦቻችን ባህል የቀረበበት ክፍል በብሔረሰብ ወይም በክፍለ አገር አልተከፋፈለም። የሰው ልጅ ሕይወት ከሕፃንነት ጀምሮ በአዋቂነት አልፎ እስከ ሞትና ከዚያም በኋላ ያለውን ሥርዓት ተከትሎ እንዲታይ ነው የተደራጀው። ይህ አሠራር ለእናቶች የተመቸ ነው። ከሕፃንነቱ ክፍል ጀምሩ። የሌላ አገር እናት ልጇን በምን ታዝላለች? ልጆች ምን ይጫወታሉ? «እኛ ቤትስ?» እያላችሁ ከልጃችሁ ጋር ስታወዳድሩ ግማሽ ሰዓት ሳታውቁት ያልፋል። ትንንሾቹ ከዚያ በኋላ ስለሚሰለቹ ሁሉንም ካላየን ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ለሌላ ቀን ይቆይ።

ከቤቱ ውጭ ያለውን ደረጃ ግን ሳያዩ አይመለሱ። በወረራው ዘመን ፋሺስቶች ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየጨመሩ ያሠሩት ነው። ከድል በኋላ በጫፉ ላይ የአንበሳ ሐውልት ተቀመጠበት። ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩት።

በዚህ ቤት የሆነው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝብ በተሰበሰበበት በዚሁ ግቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ይታወቃል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜም በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት ተገድለዋል። ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም. ነው። ለአምስት ዓመት ሕፃን ይህን መዘርዘር አያስፈልግም። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን ሲጠይቅ «ዝም በል» ማለት ይጎዳዋል። የሆነውን በአጭሩ፣ ሳታስፈራሩ ንገሩት። ቤት ሰው የኖረበት እንደመሆኑ ልቅሶም አይቶ ያውቃል።

በከተማው ሌሎችም አሉ። መስቀል አደባባይ አጠገብ በራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሙዚየም የከተማይቱ መቶኛ ዓመት በተከበረበት ጊዜ፣ በ1979 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። የምኒልክ ግቢ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ሲከፈት የግብር አዳራሹና የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ለማየት በቅተናል። በአንድ ቀን ሁሉንም ለማዳረስ መሞከር ግን ልጅን አድክሞ ማስለቀስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ጎብኚ ቤቱን አይቶ እንዲማር ከመስታወት ሣጥንና ከአስጎብኚ በላይ ያስፈልገዋል። በአምስተርዳም ከተማ የሚገኘው የአና ፍራንክ ቤት ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን፣ ቤተሰቡ የተሸሸገባቸው ክፍሎች በአባትየው ፈቃድ ባዶ እንደሆኑ ተትተዋል። ይህም ሆኖ ወጣቶች በብዛት ይማሩበታል። ለመምህራንና ለተማሪዎች የተዘጋጀ የትምህርት ጽሑፍ ስላለው ተማሪው የሚፈልገውን አውቆ ይገባል። እኛም ይህን ለመጀመር ሌላ አካል እስኪያዘጋጅልን መጠበቅ የለብንም። የወላጅና የመምህራን ኅብረት ያላችሁ እናቶች ከታሪክ መምህሩ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ወረቀት በአማርኛና በኦሮምኛ ብታዘጋጁ ለዓመታት ያገለግላል። ጥያቄዎቹ ቀላል ይሁኑ፤ ይህን ቤት ለመሥራት ከምን ከምን ተጠቀሙ? ብርሃን በየት ይገባል? ከዕቃዎቹ አንዱን መርጠህ ሣል፤ ዛሬ በእርሱ ፈንታ በምን እንጠቀማለን? ውሃና እንጨት ወደዚህ ቤት ማን ያመጣ ነበር ትላለህ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በየትኛውም የቤተ መንግሥት መግለጫ ላይ ሊጎድል የሚችል ስለሆነ እንዳትተዉት።

ለአስተዳዳሪዎቹም የምንጠይቀው አይጠፋም። መግለጫው ሕፃን ቆሞ በሚያነብበት ከፍታ ይሰቀል። ነፍሰ ጡርና አሮጊት አረፍ የሚሉበት አግዳሚ ወንበር፣ ንጹሕ መጸዳጃና የመጠጥ ውሃ ይኑር። ልጆች በእጃቸው ሊነኩት የሚችሉት አንድ ዕቃ፣ አሮጌ መክተፊያም ቢሆን፣ ለብቻው ይቀመጥላቸው። «አትንኩ» ብቻ እየሰማ የሚዞር ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ አልሄድም ይላል።

የዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን ግንቦት 10 ቀን ይውላል። ክረምቱ ሳይገባ ስለሆነ ለጉዞ ይመቻል። የጥንት ቤቶች ለጥገና የሚዘጉበት ጊዜ ስለሚያጋጥም ከመነሣታችሁ በፊት መከፈቱን በስልክ አረጋግጡ። የመግቢያ ዋጋና ለተማሪ የሚደረግ ቅናሽ መኖሩንም በዚያው ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር፣ እርሳስና ዳቦ አይረሳ። እርሳሱ ሁለት ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ መኪና ውስጥ መጥፋቱ አይቀርም።