የሜንዶሳው ማልቤክ፦ ፍም ዳር የሚጠጣ ወይን

አርጀንቲናዊ ሥጋ የሚጠብሰው በነበልባል ሳይሆን በፍም ነው። ጠንካራው እንጨት ለብቻው ይነዳል፤ ጭሱና ነበልባሉ ካለፈ በኋላ ፍሙ በአካፋ እየተዛቀ ከብረት ርብራቡ ሥር ሳሳ ተደርጎ ይነጠፋል። ጎድኑ፣ ቋሊማው፣ አንጀቱ ጨው ብቻ ነክቶት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት አንዳንዴም ሦስት፣ ያለ ችኮላ ይበስላል። ሥርዓቱ አሳዶ ይባላል። ጠባሹ ማዕድ የሚቀርበው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ሲቀመጥ እንግዶቹ ያጨበጭቡለታል። እስከዚያ ግን እጁ ባዶ አይሆንም። ፍሙን እየቆሰቆሰ የሚጎነጨው ቀይ ወይን አለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያ ወይን ማልቤክ ነው።

ማልቤክ የወይን ዘር ስም ነው፤ ከዘሩ የሚጠመቀው ወይን ጠጅም በዚያው ይጠራል። እዚህ የማስተዋውቀው ከብዙዎቹ ማልቤኮች አንዱን፣ በምዕራብ አርጀንቲና ሜንዶሳ የሚገኘው የካቴና ቤተሰብ የሚያዘጋጀውን ነው። ኒኮላ ካቴና ከጣሊያን ማርኬ ግዛት ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1898 አርጀንቲና ገባ፤ በ1902 የመጀመሪያውን የማልቤክ ማሳ ተከለ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጊዜው የሚያመች ነበር። የባቡር ሐዲድ ከቦይነስ አይረስ ሜንዶሳ የደረሰው በ1885 ነው፤ ያለ ወይን ምሳ የማይበሉ ጣሊያኖችና ስፔኖችም በየመርከቡ ይጎርፉ ነበር። ጠጪው ከጠማቂው ጋር አብሮ ተሳፍሮ መጣ ማለት ይቻላል።

ዘሩ ግን ፈረንሳዊ ነው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ካኦር በተባለች ከተማ ዙሪያ ለዘመናት ሲተከል ኖሯል፤ ቀለሙ ከመክበዱ የተነሳ የካኦርን ወይን «ጥቁር ወይን» ይሉት ነበር። ሜንዶሳ ያደረሰው ሚሼል ኤሜ ፑዤ የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና ባለሙያ ነው፤ በ1853 የእርሻ ተቋም እንዲያደራጅ ሲጠራ ከሌሎች የአገሩ ዘሮች ጋር ለተከላ የሚሆን የማልቤክ ቁራጭ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ፊሎክሴራ የምትባለው ሥር መጣጭ ተባይ የፈረንሳይን ማሳ አወደመች። በየካቲት 1956 ደግሞ ብርቱ ውርጭ ካኦርን መታው። በአገሩ የመነመነው ዘር በስደት ምድሩ በዛ፤ ዛሬ በዓለም ካለው የማልቤክ ማሳ አብዛኛው የሚገኘው አርጀንቲና ውስጥ ነው።

ሜንዶሳ በረሃ ናት ብል አላጋነንኩም። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ከዚህ እጥፍ በላይ ይዘንብባታል። የወይኑ ተክል የሚጠጣው ከአንዲስ ተራሮች የሚቀልጠውን በረዶ ነው። ውኃውን በቦይ ጠልፈው መሬቱን ማጠጣት የጀመሩት ዋርፔ የተባሉት የአካባቢው ጥንታዊ ነዋሪዎች ናቸው፤ እስፔን ከመድረሷ በፊት መሆኑ ነው። የከተማዋ ጥላ ዛፎች እስከ ዛሬ የሚቆሙት በየመንገዱ ዳር በሚያልፈው ቦይ ነው። ድርቀቱ ለወይን ገበሬ በጎ ጎን አለው፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ሻጋታ አይበረታም። የሚፈራው ሌላ ነው፤ የበረዶ ጠጠር። በአሥር ደቂቃ የዓመት ልፋት ያራግፋል። ስለዚህ ከብዙዎቹ ማሳዎች በላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ተዘርግቶ ይታያል።

የኒኮላ ልጅ ዶሚንጎ ሥራውን አሰፋ። የልጅ ልጁ ኒኮላስ ካቴና ሳፓታ በኢኮኖሚክስ ዶክተር ሆነ። ስለ አባትና ልጅ ቤተሰቡ የሚተርከው ነገር አለ፤ በ1960ዎቹ የወይን ዋጋ ከመውደቁ የተነሳ ፍሬውን ለቅሞ ማስገባት ራሱ ኪሳራ የሆነበት ዓመት መጣ። ወጣቱ ምሁር ሂሳቡን ሠርቶ «ዘንድሮ ባይለቀም ይሻላል» አለ። አባት ሂሳቡ ትክክል መሆኑን አልካደም፤ ግን የደረሰ ፍሬ ሐረጉ ላይ ሲበሰብስ ማየት አልቻለምና አስለቀመው። ሁላችንም ሂሳቡን እናውቃለን፤ የደረሰ ሰብል ትቶ የሚሄድ ገበሬ ግን አላየሁም።

በዚያ ዘመን አርጀንቲናዊ ወይን የሚጠጣው እንደ ውኃ ነበር፤ በ1970ዎቹ መባቻ የነፍስ ወከፍ ድርሻው በዓመት ወደ 90 ሊትር ይጠጋ ነበር። ስለ ጥራት የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም፤ ብዛቱ ይበቃ ነበር። ኒኮላስም በመጀመሪያ የነገደው በዚሁ ነው። አስተሳሰቡን የለወጠው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በእንግዳ መምህርነት የቆየበት ጊዜ ነው። እዚያው አጠገብ ናፓ ሸለቆ ውስጥ፣ ወይን ጠማቂው ሮበርት ሞንዳቪና መሰሎቹ ከፈረንሳይ ጋር እንወዳደራለን ብለው ተነስተው ነበር። አገሩ ሲመለስ የርካሹን ወይን ኩባንያዎች ሸጦ አንዷን፣ ኤስመራልዳን ብቻ አስቀረ። ዘመድ ወዳጅ ያበደ መስሎት ቢሆን አይፈረድበትም።

ቀጥሎ ያደረገው ደግሞ ይብሳል። የሜንዶሳ ሜዳ እንደሚሞቅና ሙቀትም ወይኑን እንደሚያከብደው ስለተረዳ ብርድ ፍለጋ ተራራ ወጣ። በ1992 ቱፑንጋቶ አውራጃ ውስጥ፣ ጓልታጃሪ በሚባል ቦታ፣ ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ማሳ ተክሎ በታናሽ ልጁ ስም አድሪያና አለው። የራሱ የእርሻ ኃላፊ ፍሬው እዚያ አይበስልም ብሎት ነበር። በሰለ።

ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚኖር የአዲስ አበባ ሰው 1,500 ሜትር ቆላ ነው፤ የዝዋይ ሐይቅ ራሱ በከፍታ ከአድሪያና ይበልጣል። ልዩነቱ ሜንዶሳ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 33 ዲግሪ ላይ መሆኗ ነው። እዚያ እውነተኛ ክረምት አለ፤ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ በጸደይ ውርጭ ከመጣ ቡቃያው ይቃጠላል። መቶ ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ፀሐዩ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ከላይ የሚወርደው አልትራ ቫዮሌት ጨረር ይበረታል፤ ፍሬውም ራሱን ለመከላከል ልጣጩን ያወፍራል። የቀይ ወይን ቀለምና ታኒን (አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር) ያለው ደግሞ ልጣጩ ላይ ነው። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በፍሬው ውስጥ ያለው አሲድ ሳይባክን ይቆያል። ጥቁር ቀለም፣ ብዙ ታኒንና የሚያነቃ ኮምጣጣነት በአንድ ጠርሙስ የሚገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በጥናት የሚከታተለው የኒኮላስ ልጅ ላውራ ካቴና በ1995 ያቋቋመችው የቤቱ የምርምር ተቋም ነው። ላውራ ሐኪም ናት፤ ለብዙ ዓመታት በሳን ፍራንሲስኮ የድንገተኛ ክፍል እየሠራች ወደ ሜንዶሳ ትመላለስ ነበር። ዋናው መጥመቂያ በማያ ሕዝብ ፒራሚድ አምሳል የተገነባ ሲሆን በ2001 ተከፈተ። ለእኔ ሕንጻው ትንሽ ይበዛል፤ ጎብኚ ግን ይወደዋል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ቤቱ ብዙ ዓይነት ማልቤክ አለው። ተራው፣ «ካቴና ማልቤክ» የሚባለው፣ ከተለያየ ከፍታ ከተለቀመ ፍሬ ይቀላቀላል። ከታችኛው ማሳ፣ ለምሳሌ 900 ሜትር አካባቢ ካለው ሉንሉንታ የሚመጣው፣ ለስላሳና የበሰለ ጣዕም ይሰጣል፤ ከላይኛው የአበባ ሽታና አሲድ ይገኛል። ከዚያ በኦክ በርሜል ይቆያል። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥልቅ ቀይ ነው። የጥቁር ፕሪምና የእንጆሪ፣ ከበርሜሉም የቫኒላ ሽታ አለው። ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ ፍሬያማነቱ ግን ጣፋጭ ነው ብሎ የሚያሳስት ነው። በሌላኛው ጫፍ ከአድሪያና ማሳ ብቻ የሚጠመቁት ውድ ወይኖች አሉ፤ ከነሱ መካከል ከዓለም ታዋቂ ቀማሾች ሙሉ 100 ነጥብ ያገኙ አሉ።

ለጥብስ የቱ ይሁን? ተራው። ይህን የምለው ለዋጋው ብዬ አይደለም። የአድሪያና ወይን ስስ ነገሮች አሉት፤ አበባው፣ ድንጋያማ ቅዝቃዜው። ጭስና ያረረ ስብ አፍ ሲሞላ እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ። እሱን ዝም ባለ ማዕድ፣ በቀላል ምግብ ይጠጡት።

ሥጋና ማልቤክ የሚስማሙበት ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። ታኒን ከፕሮቲን ጋር የመጣበቅ ጠባይ አለው። ባዶ አፍ ላይ ሲሆን የሚይዘው የምራቃችንን ፕሮቲን ነው፤ ድዳችን የሚደርቀውም ለዚህ ነው። የሰባ ጎድን እየበሉ ሲጠጡ ግን ታኒኑ የሥጋውን ፕሮቲንና ስብ ያገኛል፣ ለድድ የሚተርፈው ይቀንሳል፣ ወይኑ ይለሰልሳል። ጨውም ምሬትን ያዳክማል። ቺሚቹሪ በሚሉት በፐርስሊ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በዘይት የተሠራ ማባያ ሲጨመር፣ ወይኑ የራሱ አሲድ ከሌለው ውኃ ውኃ ይላል። የተራራው ብርድ ማዕድ ላይ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው።

የኛ ጥብስ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በርበሬና አልኮል ሲገናኙ ማቃጠሉ ይበረታል፤ 13.5 በመቶ አካባቢ አልኮል ያለው ወይን ሚጥሚጣ ከነካ ሥጋ ጋር ሲጠጣ ፍሬያማነቱ ይከሳል፣ እሳቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሥጋው በጨውና በሮዝመሪ (የጥብስ ቅጠል) ይጠበስ፤ አዋዜው በትንሽ ሳህን ለብቻው ይቅረብ፣ የፈለገ ያጥቅስ። ለስላሳ፣ ስብ የሌለው ሥጋ ይህን ወይን አይሸከምም፤ ጎድን፣ ሽንጥ፣ ስብ ያለበት የበግ ሥጋ ይሻላል። ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣ የሚባለው ደግሞ የቀዝቃዛ አገር ምክር ነው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ሞቃት ቀን ከሆነ ከመከፈቱ በፊት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። ከተከፈተ በኋላም ከፍሙ ይራቅ፤ ጠባሹ አጠገቡ ያቆመው ጠርሙስ ሲሞቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸተው አልኮሉ ነው። ከማዕድ የተረፈውን ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ያስገቡት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።