በቤት ውስጥ የጊታር አንገት ስለ መሥራት

ከማሲንቆና ከጊታር አንገት የትኛውን መሥራት ይከብዳል ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፥ የጊታሩ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ማሲንቆ መቺ ጣቱን በአንገቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እያደረገ ድምፁን በጆሮው ይፈልጋል፤ ቢስትም ጣቱን ጥቂት ገፋ አድርጎ ወዲያው ያርመዋል። በጊታር ግን የእያንዳንዱ ድምፅ ስፍራ በቀጫጭን ብረቶች አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ፥ ሠሪው የሳተውን ተጫዋቹ ሊያቃናው አይችልም። ይህን የተማርሁት አንድ ጥሩ የወይራ ጣውላ አበላሽቼ ነው።

አጎቴ በወጣትነታቸው ይጫወቱበት የነበረው ጊታር ወድቆ፥ አንገቱ ከራሱም ከሆዱም አጠገብ ከተሰበረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሆዱ በቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሲኖር አንገቱ ለማገዶ ሆኗል። ራሱ ብቻ፥ የአውታር መወጠሪያዎቹ ያሳዝናሉ ተብሎ፥ በካርቶን ውስጥ ተርፎ ነበር። ባለፈው ክረምት «አንገቱን እኔ እሠራዋለሁ» ብላቸው ሣቁብኝ። አያቴ ግን ከአሮጌው አልጋቸው ላይ አንዱን የዋንዛ ጠርዝ እንድወስድ ፈቀዱልኝ። ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፥ ቀላልና ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነውና ከዚህ የተሻለ አልመኝም ነበር።

በመጀመሪያ የተረፈውን ራስ መረመርሁ። የጊታር ራስ ወደ ኋላ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ይኸውም አውታሮቹ በአንገቱ ጫፍ ያለችውን የአጥንት ቁራጭ ተጭነው እንዲያልፉ ነው። ራስና አንገት ከአንድ እንጨት ሲወጡ ግን የእንጨቱ ጅማት በማዘንበያው ላይ እያጠረ ይቆረጣል፤ የአጎቴም ጊታር የተሰበረው እዚያው ላይ ነበር። ስለዚህ ዋንዛውን በሰያፍ ቆረጥሁና ቁራጩን ገልብጬ በኮላ መልሼ አጣበቅሁት፤ በሞርሳም አስሬ አሳደርሁት። እንዲህ ሲሆን ጅማቱ በአንገቱም በራሱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስድስት የናይሎን አውታሮች ሲወጠሩ በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይስባሉና፥ ይህ ትርፍ ድካም አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው የመላጊያ፥ የራስፓና የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ አያስቸግርም።

ጣት የሚያርፍበትን ሰሌዳ ከወይራ አደረግሁት፤ ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበላም። ችግሩ የመጣው ብረቶቹን ለመትከል ስለካ ነው። አሮጌው አንገት ስለ ሌለ የምገለብጠው አልነበረኝም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጊታር 12ኛው ብረት ከሆዱ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ እርሱም የአውታሩ እኩሌታ ነው። ከበርኩማው እስከ ጠርዙ 32 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስላገኘሁ፥ የአውታሩ ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ዐወቅሁ። ይህም እስፓኛዊው ሠሪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ (1817–1892 እ.ኤ.አ.) ያስለመደው ልክ ነው።

አንድ አሮጌ የእጅ ሥራ መጽሐፍ «ርዝመቱን ለ18 ከፍለህ ድርሻውን የመጀመሪያው ብረት ስፍራ አድርግ፤ የቀረውንም እንደገና ለ18 ክፈል» ይላል። ይህ ዘዴ የሥነ ከዋክብት ሊቁ የጋሊሌዎ አባት ቪንቼንሶ ጋሊሌይ በ1581 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሚገኝ ነው። እኔም አምኜ 19ኙንም ብረቶች ተከልሁ። 12ኛው ብረት ከሆዱ ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ከምናምን ወደ ራስ ሲቀር አየሁ፤ የአንገቱ ጥፋት ነው ብዬ አለፍሁት። አውታር በወጠርሁ ጊዜ ግን ጆሮዬ አላለፈውም። አውታሩን በእኩሌታው ላይ በጣት ነካ አድርጎ ሲመቱት የሚሰጠውና በ12ኛው ብረት ላይ ተጭነው ሲመቱት የሚሰጠው ድምፅ አንድ መሆን ሲገባው፥ የእኔው ዝቅ ብሎ ተገኘ።

በሒሳብ ትምህርታችን የተማርነውን ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው። አውታር በግማሽ ሲያጥር ድምፁ አንድ ሙሉ ዙር ከፍ ይላል፤ በመካከሉ 12 እኩል ደረጃዎች አሉ። ስለዚህ 12 ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 2 የሚሰጠውን ቁጥር እንፈልጋለን፤ እርሱም 1.0595 ያህል ነው። ከዚህ የሚወጣው ማካፈያ 18 ሳይሆን 17.817 ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም 12 ጊዜ ሲደጋገም በ65 ሴንቲ ሜትር ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

በከሰል ካውያ ሰሌዳውን አሙቄ በቢላዋ ፈልቅቄ አነሣሁት፤ የአያቴ ዋንዛ አልተጎዳም፥ እግዚአብሔር ይመስገን። በሁለተኛውና በመጨረሻው ወይራ ላይ የመጀመሪያው ብረት በ36.5፥ ሁለተኛው በ70.9፥ ሦስተኛው በ103.4 ሚሊ ሜትር እያለ 12ኛው በ325 ላይ ዐረፈ። ሁሉንም የለካሁት ከአጥንቷ ጀምሬ ነው፤ ከብረት ወደ ብረት የሚለካ ሰው ስሕተቱን እየደመረ ይሄዳልና። ለመሰንጠቂያውም የሴጌቶ ምላጭ ጥርሶችን ጎን ጎናቸውን በድንጋይ ስዬ አሳሳሁ፤ አለዚያ ስንጥቁ ይሰፋና ብረቱ አይጨብጥም።

አጎቴ ሲቃኙት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። 12ኛው ላይ ተጭነው መቱ፤ እንደገናም በእኩሌታው ነካ አድርገው መቱ። ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ጊታሩን ይዘው ወደ ሳሎን ገቡ፤ እስከ ማታም አልመለሱልኝም።