የአቴንስ ብድር ያዳነው ማንን ነው?

ለባንክ የብድር ሠራተኞች ሥልጠና ስሰጥ የግሪክን ቀውስ ሳላነሣ አልቀርም። ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ የተበላሸ ብድር በማስመለስ ሥራ ላይ የኖረ የበሰለ ባለሙያ፣ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ዘጋው፦ «ጀርመኖች ለማይሠራ ሕዝብ ገንዘባቸውን አፈሰሱ፤ ምላሹ ስድብ ሆነ።» ክፍሉም በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይኸው ሰው በራሱ ባንክ አንድ አስመጪ የቆየ ዕዳውን የሚዘጋበት አዲስ ብድር ሊጠይቅ ቢመጣ፣ ፋይሉን ገና ሳይገልጥ «ይህ ለእኛ መዝገብ ማሳመሪያ እንጂ ለደንበኛው መዳኛ አይሆንም» ብሎ ይመልሰዋል። በመርካቶው ነጋዴ ላይ የማያመልጠው ነገር አቴንስ ሲደርስ እንዴት አመለጠው?

እሱን ብቻ ቢያመልጠው ኖሮ ባልጻፍኩ። ጋዜጠኛውም፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪውም፣ አውሮፓ የሚኖረው ዘመድም የሚነግሩኝ አንድ ነው፦ ሰሜኑ ሰጠ፣ ደቡቡ በላ። ዩሮ እንዴት እንደተዋቀረና የማስትሪክት መስፈርት ምን እንደሚል አልደግምም፤ የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገንዘቡ የት እንደገባ እንይ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 2010 (ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የጸደቀው የመጀመሪያው ፕሮግራም 110 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። 80ውን የዩሮ አገሮች፣ 30ውን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ሊያበድሩ ተስማሙ። የአውሮፓውያኑ ወለድ ከገበያው መነሻ ተመን በላይ 3 በመቶ ጭማሪ ነበረው፤ በዚያ ላይ የግማሽ በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጧል። በ2012 ሁለተኛው ፕሮግራም መጣ። ከሁለቱ ፕሮግራሞች የተለቀቀውን 215.9 ቢሊዮን ዩሮ በ2016 የተከታተለው ግሪክ ውስጥ ያለ ተቋም አይደለም፤ በርሊን የሚገኝ የማኔጅመንት ትምህርት ቤት ነው። ውጤቱም ይህ ነው፦ 86.9 ቢሊዮኑ የድሮ ዕዳ ተከፈለበት። 52.3ቱ ለወለድ ሄደ። 37.3ቱ የግሪክ ባንኮችን ካፒታል ለመሙላት ዋለ። 29.7ቱ የቦንድ ባለቤቶች የዕዳ ቅነሳውን እንዲቀበሉ ማባበያ ሆነ። ለግሪክ መንግሥት በጀት የደረሰው 9.7 ቢሊዮን ነው፤ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ ሁልጊዜ እጁን ያወጣል። «ዕዳህ ሲከፈልልህ የተጠቀምከው አንተ አይደለህም ወይ?» ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ግን በተበዳሪው የመክፈል አቅም ላይ ይወሰናል። መክፈል የሚችል ሆኖ ለጊዜው እጅ ያጠረው ተበዳሪ ድልድይ የሚሆን ብድር ቢሰጠው ይጠቀማል። ጨርሶ መክፈል የማይችል ተበዳሪ ግን በአሮጌው ዕዳ ላይ አዲስ ቢጨመርለት የሚያተርፈው ዘግይቶ መውደቅን ነው፤ በዚያ መዘግየት የሚጠቀመው ከውድቀቱ በፊት ገንዘቡን ይዞ የሚወጣው አበዳሪ ነው። ግሪክ ከየትኛው ወገን እንደነበረች በ2010 ብዙ ሰው ያውቅ ነበር። በአይኤምኤፍ ቦርድ የብራዚሉ ተወካይ ፓውሎ ኖጌይራ ባቲስታ ፕሮግራሙ የግሪክን የግል አበዳሪዎች ማዳኛ ተደርጎ ሊታይ እንደሚችል ያን ጊዜውኑ አስጠንቅቀዋል። ድርጅቱ ራሱም በ2013 ባወጣው ግምገማ የዕዳ ቅነሳው መዘግየቱ የግል አበዳሪዎች ድርሻቸውን ቀንሰው እንዲወጡና ሸክሙ በመንግሥታት ላይ እንዲወድቅ ማድረጉን አምኗል።

ቅነሳው በመጋቢት 2012 ሲመጣ ከባድ ነበር፤ ከቦንዱ የፊት ዋጋ 53.5 በመቶ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ግን የፈረንሳይና የጀርመን ባንኮች የያዙትን አራግፈው ቀንሰዋል። በእጃቸው ብዙ ቦንድ የቀረው የግሪክ ባንኮችና የጡረታ ፈንዶች ነበሩ። ስለዚህ ባንኮቹን እንደገና ለማቆም ሌላ ብድር ተፈለገ፤ ከላይ ያየነው 37.3 ቢሊዮን ከዚህ የመጣ ነው። የብድር ኮሚቴ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ ባያስፈልገው ደስ ይለኝ ነበር።

በዩሮ አገሮች መካከል የአብሮነት ጠብ የተወለደውም ከዚሁ ነው። የአበዳሪ አገሮች ድርሻ የተሰላው በአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ውስጥ ባላቸው የካፒታል ድርሻ እንጂ፣ ባንኮቻቸው ለአቴንስ ባበደሩት መጠን አይደለም። የጣሊያን ባንኮች ግሪክ ውስጥ የነበራቸው ገንዘብ ከፈረንሳዮቹ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር፤ ጣሊያን ግን እንደ ማንኛዋም አባል በድርሻዋ ተጠየቀች። ስሎቫኪያም 816 ሚሊዮን ዩሮ እንድታዋጣ ተባለች። የስሎቫክ ሠራተኛ አማካይ ደመወዝ ከግሪኩ ያነሰ ነበር። ፓርላማው በነሐሴ 2010 አላዋጣም አለ። ብራስልስ «አብሮነት የጎደለው» ብላ ወቀሰች። በጥቅምት 2011 የጋራውን የማዳኛ ፈንድ ለማስፋት ድምፅ ሲሰጥ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢቬታ ራዲቾቫ ሥልጣናቸውን አስይዘውበት መንግሥታቸው ወደቀ። ፊንላንድ በበኩሏ ለሁለተኛው ብድር መያዣ ካልተሰጠኝ አለች፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የቲሞ ሶይኒ ፓርቲ የደቡቡን ብድር ተቃውሞ 19 በመቶ ድምፅ ወስዶ ነበርና።

ለብራቲስላቫው ጡረተኛ የተነገረው «ግሪኩን ጡረተኛ እርዳ» የሚል ነው። ለግሪኩ ጡረተኛ ደግሞ «ጡረታህ የሚቀነሰው ስሎቫኩ ስላዘነልህ ነው» ተባለ። ሁለቱ ሰዎች ተናቆሩ፤ ገንዘቡ በመካከላቸው አልፎ ወደ ሦስተኛ ወገን ሄደ። በርሊንና ፓሪስ ለየባንኮቻቸው በቀጥታ ካፒታል ቢሰጡ ኖሮ ክርክሩ የየአገራቸው ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን በ2008 ባንኮችን ለማዳን ቢሊዮኖች ካወጡ በኋላ ለመራጩ ያንኑ መድገም ከበዳቸው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ስለ ስንፍናው ተረት ብዙ ባልል እወድ ነበር፤ ግን አይለቀኝም። በሰዓት ከተቆጠረ፣ በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) መረጃ መሠረት በቀውሱ ዓመታት የግሪክ ሠራተኛ በዓመት ይሠራ የነበረው 2000 ሰዓት አካባቢ ሲሆን የጀርመኑ 1400 ገደማ ነበር። የግሪክ ችግር የምርታማነትና የግብር አሰባሰብ ችግር ነበር፤ ላብ አልጎደለም። ጉዳዩ የአባካኝነት ብቻ ቢሆን ደግሞ አየርላንድና ስፔን ምን ሊባሉ ነው? በ2007 ሁለቱም የበጀት ትርፍ ነበራቸው። የመንግሥት ዕዳቸው ከኢኮኖሚያቸው አንጻር የአየርላንድ 25፣ የስፔን 36 በመቶ አካባቢ ሲሆን የጀርመን ከ60 በላይ ነበር። አየርላንድ የወደቀችው በባንኮቿ ነው፤ ወደ 64 ቢሊዮን ዩሮ ለማዳኛ አፈሰሰች። ለባንኮቹ ዋና አበዳሪዎች ሙሉ ክፍያ እንዲፈጸም አጥብቆ የያዘውም የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነበር። ይህም ሆኖ የዩሮ ገንዘብ ሚኒስትሮች ጉባኤ መሪ የነበሩት የሩን ዳይሰልብሉም በ2017 ለአንድ የጀርመን ጋዜጣ ሲናገሩ፣ ገንዘብን በመጠጥና በሴት ጨርሶ እርዳታ መጠየቅ አይቻልም የሚል ምሳሌ ሰጡ። የሕጉ ጠባቂ ነን የሚሉት ጀርመንና ፈረንሳይ ራሳቸው የ3 በመቶውን የበጀት ጉድለት ጣሪያ ጥሰው፣ በኅዳር 2003 ቅጣቱን በሚኒስትሮች ድምፅ እንዳስቆሙ የሚያስታውስ ግን አላጋጠመኝም።

ይህን ስል ግሪክን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ለእሷ የሚከራከሩ ወዳጆቼም ያደክሙኛል። የ2009 የበጀት ጉድለት መጀመሪያ ከ4 በመቶ በታች ተብሎ ተተነበየ። በጥቅምት ሥልጣን የያዘው የጆርጅ ፓፓንድሬው መንግሥት ወደ 12.7 አሳደገው፤ በመጨረሻ ሲጣራ ከ15 በመቶ አለፈ። ቁጥሩን እያወቀ ያጭበረበረ ተበዳሪ በየትኛውም ባንክ የሚደርስበት የታወቀ ነው። የጀርመኑ መራጭ ቁጣም ከሜዳ አልመጣም፤ አንዱ አገር የሌላውን ዕዳ እንደማይሸከም በአውሮፓ ኅብረት ስምምነት አንቀጽ 125 ተጽፎለት ነበር። ነገር ግን ያጭበረበረውን ያህል ሳያጣራ ያበደረም አለ። ከቀውሱ በፊት ገበያው ለአቴንስ የሚያበድርበት ወለድ ከበርሊኑ ጋር ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እንኳ የማይሞላባቸው ዓመታት ነበሩ። ያን ዋጋ ያወጣውና ትርፉን የሰበሰበው አበዳሪ በ2010 ከኪሳራው ነጻ ሆኖ መውጣቱ የትኛውም የብድር መመሪያ የማይቀበለው ነገር ነው።

የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። የግሪክ ኢኮኖሚ ሩቡን ያህል ተሸረሸረ፤ ሥራ አጥነት በ2013 ከ27 በመቶ አለፈ። የአይኤምኤፍ ዋና ኢኮኖሚስት ኦሊቪዬ ብላንሻርና ዳንኤል ሊ በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጥናት፣ የወጪ ቅነሳው በኢኮኖሚው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከትክክለኛው በታች ተገምቶ እንደነበር አሳዩ። በአንጻሩ ጀርመን ተጠቅማለች። የተደናገጠ ገንዘብ ወደ ቦንዷ ሲሸሽ የመበደሪያ ወለዷ ወረደ፤ ሃለ ከተማ የሚገኘው የኢኮኖሚ ምርምር ተቋም በ2015 እንዳሰላው ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የወለድ ወጪ አድኖላታል።

እውነተኛው እርዳታ የመጣው ዘግይቶ፣ ያለ ጩኸት ነው። በኅዳር 2012 የመጀመሪያው ብድር ጭማሪ ወለድ ወደ ግማሽ በመቶ ወረደ፣ የመክፈያው ጊዜ ተራዘመ፣ የማዳኛ ፈንዱ ወለድም ለዓመታት እፎይታ አገኘ። በ2018 ግሪክ ከፕሮግራሙ ስትወጣ ሌላ የ10 ዓመት እፎይታ ተጨመረ፤ የፈንዱ ብድር አማካይ የመክፈያ ዘመን ከ40 ዓመት በላይ ሆነ። ብድር የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፦ ዋናው ሳይነካ፣ በዛሬ ዋጋ ሲሰላ የዕዳው ትልቅ ክፍል ተሰርዟል። ፖለቲከኞቹ ግን ለመራጮቻቸው «አንድ ሳንቲም አልማርንም» እንዲሉ ስላስቻላቸው ማንም ስጦታውን በስሙ አልጠራውም። ስለዚህ የአውሮፓ ሕዝብ ያልተሰጠውን ሲሰደብበት፣ የሰጠውን ሳይመሰገንበት ቀረ። ጀርመን ራሷ በ1953 የለንደን ስምምነት የውጭ ዕዳዋ ግማሽ ያህል ሲሰረዝላት፣ ከፈራሚዎቹ አበዳሪ አገሮች አንዷ ግሪክ ነበረች። ያን ጊዜ ቅነሳው በግልጽ ተጽፎ በአደባባይ ተፈረመ፤ ጀርመንም ተነሣች።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ጠቡ መጀመሪያ በዚያው መንገድ ጀመረ፤ ኔዘርላንድስ፣ ኦስትሪያ፣ ዴንማርክና ስዊድን የጋራ ብድሩን ተቃወሙ። በሐምሌ የጸደቀው የ750 ቢሊዮን ዩሮ ፈንድ ግን በኅብረቱ ስም በጋራ የተበደረ ሲሆን፣ 390 ቢሊዮኑ የማይመለስ ድጋፍ ተባለ። ማን ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ ተለይቶ ተጻፈ። ጭቅጭቁ አልጠፋም፤ ግን የተጨቃጨቁት ስለ እውነተኛው ሒሳብ ነው።

ለእኛም አንባቢዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ከቀረች በኋላ የሰማነው ክርክር ያው ነበር። ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ የሚመሩት የመንግሥታት አበዳሪዎች ኮሚቴና የቦንድ ባለቤቶች ማን ምን ያህል ኪሳራ ይሸከም ብለው ተከራክረዋል። ኮሚቴው ሁሉም አበዳሪ ተመጣጣኝ ሸክም ይሸከም ማለቱ ለአንዳንዱ የቢሮ ጭቅጭቅ ይመስላል። ነገር ግን በ2010 ለግሪክ የጎደለው ይህ የሸክም ክፍፍል ነበር።

ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼንና ጋዜጠኞችን አደራ የምለው ይህን ነው። «ለእገሌ አገር ይህን ያህል ቢሊዮን ተለቀቀ» የሚል ዜና ስትሰሙ ከማመስገናችሁም ከመሳደባችሁም በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የዕዳው ወረቀት ትናንት በማን እጅ ነበር? ነገ በማን እጅ ይሆናል? ገንዘቡ በመጨረሻ የገባው በየትኛው ሒሳብ ነው? እነዚህን ለመርካቶው ነጋዴ የምትጠይቁ ሰዎች፣ ለመንግሥትም ጠይቁ።