ሃይሜ ኤስካላንቴ

ሃይሜ አልፎንሶ ኤስካላንቴ ጉቲዬሬዝ (ታኅሣሥ 22 ቀን 1923 ዓ.ም. – መጋቢት 21 ቀን 2002 ዓ.ም.) በቦሊቪያ ተወልደው በአሜሪካ ያስተማሩ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ስማቸው የገነነው በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ፣ ብዙ ተስፋ ያልተጣለባቸውን የድሃ ቤተሰብ ልጆች ካልኩለስ አስተምረው ለፈተና በማብቃታቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ስደት

የተወለዱት በላ ፓዝ ሲሆን እናታቸውም አባታቸውም መምህራን ነበሩ። በአገራቸው ከአሥር ዓመት በላይ ፊዚክስና ሒሳብ አስተማሩ። በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነበር፤ የቦሊቪያ የማስተማር ፈቃዳቸውም በዚያ አይሠራም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ በምግብ ቤት፣ ኋላም በኤሌክትሮኒክስ ድርጅት እየሠሩ፣ ማታ ማታ እየተማሩ እንደ አዲስ ዲግሪ ያዙ። በ1974 የተሻለ ደመወዝ ያለውን የድርጅት ሥራ ትተው በጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ።

የ1982 ፈተና

ኤስካላንቴ ካልኩለስ ማስተማር የጀመሩት በ1978 በጥቂት ተማሪዎች ነው። ዓላማቸው «አድቫንስድ ፕሌስመንት» የተባለው ፈተና ነበር። ይህ ፈተና ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ሲሆን 3ና ከዚያ በላይ ያመጣ እንዳለፈ ይቆጠራል፤ በብዙ ኮሌጆችም የዩኒቨርሲቲ ኮርስ እንደወሰደ ይያዝለታል። በ1982 የተፈተኑት 18 ተማሪዎች በሙሉ አለፉ። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ግን የ14ቱ ልጆች መልስ ስሕተቱ ሳይቀር እርስ በርስ ይመሳሰላል በማለት ተጠራጠረ። ከ14ቱ 12ቱ እንደገና ለመፈተን ተስማሙ፤ 12ቱም በድጋሚ አለፉ። ተማሪዎቹ ሜክሲኳዊ አሜሪካውያን ባይሆኑ ኖሮ ይህ ጥርጣሬ ይነሣ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በጊዜው ብዙ አከራክሯል።

ታሪኩ በ1988 «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» በተባለ ፊልም ቀርቧል፤ ኤስካላንቴን ሆኖ የተጫወተው ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ ለኦስካር ታጭቷል። ፊልሙ ጥሩ ቢሆንም በአንድ ነገር ያሳስታል፤ መሠረታዊ ሒሳብ የማያውቁ ልጆች በአጭር ጊዜ ካልኩለስ ላይ የደረሱ ያስመስላል። በእውነቱ ሥራው ዓመታት ፈጅቷል። አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ቀድመው መጠናከር ነበረባቸው፤ ለዚህም እንደ ቤን ሂሜኔዝ ያሉ ባልደረቦችና ርእሰ መምህሩ ሄንሪ ግራዲላስ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና በክረምት ተጨማሪ ትምህርት ይሰጥ ነበር።

አስተማሪነታቸው

ኤስካላንቴ ከተማሪ የሚጠይቁት «ጋናስ» ብቻ እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ በስፓኒሽ ፍላጎት ወይም ወኔ ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ይቀልዳሉ፣ ለተማሪዎች ቅጽል ስም ያወጣሉ፣ ይቆጣሉም። በፊልሙ ከሚታወሱት ትዕይንቶች አንዱ የ9 ማባዣ በጣት ነው። 9 ሲባዛ በ3 ለማግኘት አሥሩን ጣቶች ዘርግቶ ከግራ 3ኛውን ማጠፍ ነው፤ ከታጠፈው በስተግራ 2፣ በስተቀኝ 7 ጣት ይቀራል፤ መልሱ 27። የሚሠራበት ምክንያት 9 ሲባዛ በ3 ማለት 30 ሲቀነስ 3 ስለሆነ ነው፤ አሥሮቹ በአንድ ይቀንሳሉ፣ አንዶቹ ደግሞ ከ10 ላይ 3 ተነሥቶ የሚቀሩት ናቸው። እስከ 10 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ይሠራል።

ፕሮግራሙ እያደገ ሲሄድ አንዳንድ ክፍሎቻቸው ከ50 በላይ ተማሪ ይይዙ ጀመር፤ ይህም ከመምህራን ማኅበሩ ስምምነት በላይ ስለነበር ቅሬታ አስነሣ። ከባልደረቦቻቸው ጋር አለመግባባቱ ሲበረታ በ1991 ጋርፊልድን ለቀው ወደ ሳክራሜንቶ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በጋርፊልድ የካልኩለስ ፈተና የሚያልፉት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ አሽቆለቆለ።

በ2001 ወደ ቦሊቪያ ተመልሰው በዚያም አስተማሩ። በ2010 በ79 ዓመታቸው በካሊፎርኒያ በካንሰር አረፉ። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በ2016 ምስላቸው ያለበት ቴምብር አውጥቷል።