ከምርጫ በፊት የሚመጣው ስጦታ ከማን ኪስ ይወጣል?

ለዓመታት በጉድጓድ ተሞልቶ የኖረ መንገድ ምርጫ ሲቃረብ በድንገት ሲጠገን አይተው ይሆናል። የጡረታ አበል ይጨመራል፥ የነዳጅ ዋጋ ይደጎማል፥ የመሠረት ድንጋይ ይጣላል። ሕዝቡም "እግዚአብሔር ይስጣቸው፥ ዛሬስ አሰቡን" ይላል። ማመስገን መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ክርስቲያን ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ፦ ገንዘቡ ከየት መጣ? ለምን አሁን? ከምርጫው በኋላስ ማን ይከፍለዋል?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንግሥት ገንዘብ የማን ነው?

በጀት ማለት መንግሥት በዓመት ውስጥ ሊሰበስብና ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ የሚያሳይ ዕቅድ ነው። ከግብር በላይ ማውጣት የፈለገ መንግሥት ወይ ይበደራል፥ ወይ ከማዕከላዊ ባንኩ አዲስ ገንዘብ ያወጣል። ብድሩ ነገ ከግብር ይከፈላል። ያለ ምርት የበዛው ገንዘብ ደግሞ በዋጋ ንረት መልክ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ከፋዩ በመጨረሻ ሕዝቡ ነው።

በ1975 ዊልያም ኖርድሃውስ የተባሉ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ይህን ነገር በጥናት አሳይተዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ መራጩ የቅርቡን እንጂ የሩቁን አያስታውስም፤ ስለዚህ እንደገና መመረጥ የሚፈልግ መንግሥት ደስታውን ከምርጫ በፊት፥ ሕመሙን ከምርጫ በኋላ እንዲሆን ያደርጋል።

አሜሪካ፥ 1972

በአሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ ከደመወዝዎ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚቆረጠውን ገንዘብ ያውቁታል። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ለሁለተኛ የሥልጣን ዘመን በሚወዳደሩበት ዓመት፥ ጁላይ 1 ቀን 1972፥ የሶሻል ሴኩሪቲን አበል በ20 በመቶ የሚያሳድግ ሕግ ፈረሙ። ጭማሪው ያለበት ቼክ በኦክቶበር መጀመሪያ በየቤቱ ደረሰ። ምርጫው ኖቬምበር 7 ነበር። ወደ 25 ሚሊዮን ለሚጠጉት ተቀባዮች ከቼኩ ጋር የተላከው ማስታወቂያም ሕጉን ኮንግረስ እንዳወጣውና ፕሬዚዳንት ኒክሰን እንደፈረሙት በስም የሚገልጽ ነበር።

ሂሳቡስ መቼ መጣ? በጃንዋሪ 1973። ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር ከ5.2 ወደ 5.85 በመቶ ከፍ አለ፤ ግብሩ የሚታሰብበት የደመወዝ ጣሪያም ከ9,000 ወደ 10,800 ዶላር አደገ። በዚያን ጊዜ ድምፁ ተሰጥቶ አብቅቷል።

ይህ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ፓርቲ ኃጢአት ብቻ እንዳይመስልዎ። ኒክሰን ራሳቸው መጀመሪያ የፈለጉት ከዚያ በጣም ያነሰ ጭማሪ ነበር። 20 በመቶውን የገፋው በተቃዋሚዎቻቸው በዴሞክራቶች እጅ የነበረው ኮንግረስ ነው። የምርጫ ወቅት ሁሉንም ይፈትናል።

ኬንያ፥ 1992

ወደ ጎረቤት አገር ስንመጣ ጉዳቱ ይብስ ነበር። ኬንያ የመድብለ ፓርቲ ሥርዓትን በ1991 መጨረሻ መልሳ ፈቀደች፤ ምርጫው ዲሴምበር 29 ቀን 1992 ተካሄደ። በምርጫው ዘመቻ ወቅት ብዙ ገንዘብ ወደ ገበያው ፈሰሰ። በዚያው ጊዜ ጎልደንበርግ ተብሎ በሚታወቀው ቅሌት፥ ወደ ውጭ ላልተላከ ወርቅና አልማዝ የወጪ ንግድ ማበረታቻ ከመንግሥት ካዝና ይከፈል ነበር። ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ አሸነፉ። በ1993 ግን የዋጋ ንረቱ ወደ 46 በመቶ ደረሰ።

46 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? በዓመቱ መጀመሪያ በ100 ሽልንግ የተገዛው ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ 146 ይጠይቃል ማለት ነው። ባለጠጋው ገንዘቡን ወደ መሬት ወይም ወደ ዶላር ለውጦ ሊያመልጥ ይችላል። የቀን ሠራተኛው፥ ጡረተኛው፥ መበለቲቱ ግን ማምለጫ የላቸውም። በዘመቻው ወቅት ጥቂት ሽልንግ የተሰጣት እናት ከዚያ በላይ የሆነውን በዱቄት ዋጋ መልሳ ከፈለች።

ጊዜ ብቻ ሳይሆን ቦታም ይመረጣል

ሌላው መንገድ ገንዘቡን ፉክክሩ ጠንካራ ወደሆነበት አካባቢ መላክ ነው። አውስትራሊያ ከ2019 ምርጫ በፊት ለስፖርት ማዘውተሪያዎች 100 ሚሊዮን ዶላር መድባ ነበር። በጃንዋሪ 2020 የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት፥ ገንዘቡ ሲከፋፈል ለምርጫ ወሳኝ የሆኑ አካባቢዎች ትኩረት እንደተሰጣቸው ገለጸ። ኃላፊዋ ሚኒስትር ብሪጅት ማኬንዚ በሚቀጥለው ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

የሚታይ ነገርም ይመረጣል። አዲስ ሕንፃ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ከመሬት በታች ያለ የውኃ ቧንቧ ጥገና ግን ፎቶ አይነሣም።

ታዲያ ሁልጊዜ ይሠራል?

አይሠራም። በ2022 የብራዚል መንግሥት ምርጫው ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ለድሆች የሚሰጠውን ወርኃዊ ድጎማ ከ400 ወደ 600 ሪያል አሳደገ፤ ጭማሪውም የተፈቀደው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነበር። ሆኖም ፕሬዚዳንት ቦልሶናሮ በኦክቶበር ተሸነፉ። አዲ ብሬንደርና አለን ድሬዘን የተባሉ ተመራማሪዎችም በ2005 ባወጡት ጥናት፥ ይህ ልማድ በይበልጥ የሚታየው ምርጫ አዲስ በሆነባቸው አገሮች እንደሆነ አሳይተዋል። ሕዝቡ ልምድና መረጃ ሲያገኝ ዘዴው ይደክማል።

ኒውዚላንድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1990 ምርጫ ያሸነፈው መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ቀድሞ ከተነገረው እጅግ የከፋ የገንዘብ ጉድለት አገኘ። ስለዚህ በ1994 በወጣው ሕግ፥ ከእያንዳንዱ ምርጫ በፊት ባሉት ሳምንታት የመንግሥት ሂሳብ ለሕዝብ ተከፍቶ እንዲታይ ተደረገ። በብርሃን የተቀመጠ ሂሳብ ለማታለል አይመችም።

ቃሉ ምን ያስተምረናል?

ዮሴፍን ያስቡ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አከማቸ እንጂ ሕዝቡን ለማስደሰት ሁሉን አልበተነም (ዘፍ. 41፥34-36)። ራብ ሲመጣ ሕዝብ የዳነው በዚያ ነው። አቤሴሎም ደግሞ በበር ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ እያቀፈና ተስፋ እየሰጠ የእስራኤልን ሰዎች ልብ ሰረቀ፤ ፍጻሜው ግን ጦርነትና ልቅሶ ሆነ (2ሳሙ. 15፥1-6)። የእግዚአብሔር ሕግም መማለጃ የሚያይን ዓይን እንደሚያሳውር ያስጠነቅቃል (ዘጸ. 23፥8)። የሚያሳውረው ደግሞ በግል ኪስ የገባው ብቻ አይደለም፤ ለሰፈር፥ ለብሔር ወይም ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውም ያሳውራል።

አዎን፥ ለቤተ ክርስቲያንም። ለአዳራሽ ማሠሪያ የሚሰጥ ገንዘብ ወይም ቦታ በምርጫ ዋዜማ ሲመጣ መድረካችን ነጻ ሆኖ ይቀራልን? የኬንያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በ2021 ፖለቲከኞች በአምልኮ ሰዓት ከመድረክ እንዳይናገሩ ከለከለች። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የናይሮቢ ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ፕሬዚዳንት ሩቶ ለአንድ አጥቢያ የሰጡትን ገንዘብ እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ዛሬ የተቀበልነው ስጦታ ነገ እውነትን ከመናገር ሊያግደን ይችላል።

ምን እናድርግ?

ከምርጫ በፊት የወጣ ወጪ ሁሉ ክፉ አይደለም። ድርቅ የምርጫ ቀን አይጠብቅም፤ የዘገየ የመምህር ደመወዝም መከፈል አለበት። ስለዚህ በጥርጣሬ ሳይሆን በማስተዋል አራት ነገር ይጠይቁ፦

1. ይህ ነገር ባለፉት ዓመታት ያልተደረገው ለምንድን ነው?
2. ገንዘቡ ከግብር ነው፥ ከብድር ነው ወይስ ከሕትመት?
3. ከምርጫው በኋላ ይቀጥላል ወይስ ያበቃል?
4. ከእኔ ይልቅ የሚያስፈልገው ሌላ አካባቢ ተዘሏልን?

ግብራችንን በታማኝነት እንከፍላለን (ሮሜ 13፥6-7)፥ ለባለ ሥልጣናትም እንጸልያለን (1ጢሞ. 2፥1-2)። ነገር ግን የከፈልነውን ግብር እንደ ቸርነት መልሶ ለሰጠን ሰው ኅሊናችንን አንሸጥም። የሚመርጡትን ሲመርጡ የዛሬውን ስጦታ ሳይሆን የአራትና የአምስት ዓመቱን ሥራ ይመዝኑ፤ ሂሳቡ ለልጆችዎ እንደሚቀርም አይርሱ።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።