ለዓሣችን ትንኝ ወይስ ዝንብ?

አኳሪየም ያላቸው ጓደኞቼ «ለዓሦቼ በሕይወት ያለ ምግብ ከየት ላምጣ?» ይሉኛል። ቀላሉ መንገድ ሚርፔሴት ላይ ባልዲ ውሃ ትቶ የትንኝ እጭ መሰብሰብ ይመስላል። ዓሦቹ በእርግጥ ይወዱታል። ግን በሙቀት ጊዜ እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ የሚናከስ ትንኝ ይሆናል። ኩሌክስ የሚባለው ትንኝ ደግሞ የምዕራብ ናይል ትኩሳትን፣ በዕብራይስጥ «ቃዳሓት ሃኒሉስ ሃማዓራቪ»ን፣ ሊያስተላልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2024 እስራኤል ውስጥ በዚህ በሽታ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዝቶ የሚጎዳውም አረጋውያንን ነው። አያቶቻችን ባሉበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም።

እኔ የምመክረው ክንፈ አጭር የፍራፍሬ ዝንብን ነው። ይህ ዝርያ የጄኔቲክስ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲያጠኑት የኖሩት ነው፤ በዘረመል ለውጥ ክንፉ ስላላደገ አይበርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የበሰለ ሙዝ ከአጃና ከትንሽ እርሾ ጋር ደፍጥጣችሁ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። የሚቆሙበት የተጨማደደ ወረቀት አስገቡ። ዝንቦቹን ጨምራችሁ አፉን በስስ ጨርቅ እሰሩት። 25 ዲግሪ ላይ አዲሱ ትውልድ በ10 ቀን አካባቢ ይወጣል። ጥቂት ጥቂት ውሃው ላይ አራግፉ፤ ጉፒና ቤታ ከላይ ይለቅሟቸዋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲያልፍ ክንፋቸው ረዘም ብሎ ሊያድግ ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሯቸው። ሁለተኛ፣ የውጭ ዝንብ ገብቶ ከተዳቀለ ልጆቹ ይበራሉ፤ አጭር ክንፍ የሚታየው ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ ነውና።

ባልዲውን ግን ዛሬውኑ ድፉት።