ስልካችሁ የሚደብቀው ክላርኔት

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚመጣ ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ስፒከሩ ጀርባችሁን ሲነዝረው ቤዝ ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ያንኑ ዘፈን በስልካችሁ ስፒከር ክፈቱት፤ ቤዙ የለም። ትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልማ! ስለዚህ ቤዝ ክላርኔትን በስልክ ስፒከር ብቻ የሰማ ሰው ገና በደንብ አልሰማውም።

ቤዝ ክላርኔት ምንድን ነው?

የተለመደው ክላርኔት ወደ 66 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ዝቅተኛው ድምፁ በሰከንድ 147 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የቤዝ ክላርኔት ቱቦ ደግሞ እጥፍ ያህል ስለሆነ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ረጅሙ ዓይነት እስከ 58 ይደርሳል። ኮንትራባስ የሚባለው ታላቅየው ከዚያም ሌላ ኦክታቭ ወርዶ 30 አካባቢ ይገባል። እዚያ ላይ ድምፁ በጆሮ ከሚሰማው በላይ ደረት ላይ ይታወቃል።

ለምን እንዲህ ይወርዳል?

ዋሽንትን አስቡ። ሁለቱም ጫፉ ለአየር ክፍት ነው። ክላርኔት ግን በአፍ በኩል ሪድ የሚባል ከሸምበቆ የተሠራ ስስ ምላስ ስላለው፣ ቱቦው አንድ ጫፉ እንደተዘጋ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ቱቦ በቁመት ከሚያክለው ክፍት ቱቦ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይጮኻል። ነገሩ ይኸው ነው።

የሳክስፎን ታላቅ ወንድም

ቤዝ ክላርኔትን ስታዩት አንገቱ ታጥፎ፣ የታችኛው አፉ ወደ ላይ ተቀልብሶ ሳክስፎን ይመስላል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1838 ቤዝ ክላርኔትን አሻሽሎ ፓተንት ያዘበት። በ1846 ደግሞ የሳክስፎንን ፓተንት አወጣ።

ለረጅም ጊዜ ቤዝ ክላርኔት ከኦርኬስትራ ጀርባ ተቀምጦ ሌሎቹን የሚያጅብ ነበር። ወደ ፊት ያመጣው አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ኤሪክ ዶልፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኮፐንሃገን ውስጥ ያለ ምንም አጃቢ ብቻውን ነፋው፤ ከታች እንደ አዛውንት ያጉረመርማል፣ ወዲያው ከላይ ይጮኻል። በ1964 በ36 ዓመቱ አረፈ።

የኛስ?

ክላርኔት ለኛ ባዕድ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምረውታል። ጌታቸው መኩሪያም ከሳክስፎን ሌላ ክላርኔት ይነፉ ነበር። የጌታቸው ትልቁ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ የጦረኛውን ሽለላ በሳክስፎን አስፎከሩት። ቃል የለውም፣ ግን ስትሰሙት ሰውዬው የሚፎክር ነው የሚመስላችሁ። ዶልፊ በቤዝ ክላርኔት፣ ጌታቸው በሳክስፎን፣ ሁለቱም መሣሪያውን እንደ ሰው አናገሩት።

ክላርኔት ለምትማሩ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ፦ የቤዝ ክላርኔት የጣት አያያዝ ከተለመደው ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የሚጨምረው ትንፋሽ ነው።

አሁን ኢርፎን ሰኩና ኤሪክ ዶልፊን በቤዝ ክላርኔት ፈልጉ፤ ቀጥሎ የጌታቸውን ሽለላ ክፈቱ። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነበረን። ወደ ቤዝ ክላርኔት የሚያወርደው ማን ይሆን?